አጭር ሾትጋን ለካምፕና ለጫካ፦ ከአፈሙዙ ርዝመት በፊት የሚታዩ ነገሮች

ለካምፕ የሚሆን ሾትጋን ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ኢንች?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ምን ሊተኩስበት ነው? ሾትጋንን ከሌላው ጠመንጃ የሚለየው በዚያው አፈሙዝ ዛሬ ጅግራ የሚጥል ደቃቅ ፍሬ፣ ነገ ደግሞ ትልቅ አውሬ የሚያቆም ነጠላ የእርሳስ ጥይት መተኮስ መቻሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው ጥይቱ ነው። ጌጁ (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ)፣ ማነጣጠሪያውና ክብደቱ ጥይቱን ተከትለው ይመጣሉ፤ የአፈሙዙ ርዝመት የሚወሰነው መጨረሻ ላይ ነው።

ግን ርዝመቱ ላይ ሕግ ስላለበት መጀመሪያ እሱን እንጨርስ። በአሜሪካ በ1934 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አፈሙዙ ከ18 ኢንች (45.7 ሴንቲሜትር) ያነሰ፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች (66 ሴንቲሜትር) ያነሰ ሾትጋን ልዩ ምዝገባና ፈቃድ ይፈልጋል። በብሪታንያ በተራው የሾትጋን ፈቃድ ለመያዝ አፈሙዙ ቢያንስ 24 ኢንች መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሌላ አገር «አጭር» ተብሎ በነፃ የሚሸጠው መሣሪያ እዚያ ከተራው ፈቃድ ውጭ ነው። በካናዳ ተቆርጦ ከ457 ሚሊሜትር በታች የሆነ አፈሙዝ ክልክል ነው። ፋብሪካው ራሱ አሳጥሮ የሠራው ግን፣ በራሱ የሚያጎርስ ካልሆነና ጠቅላላ ርዝመቱ 660 ሚሊሜትር ከሞላ፣ በሌላ ዓይን ይታያል። ሱቆች ውስጥ 18.5 ኢንች (47 ሴንቲሜትር) የሚባለው ቁጥር የበዛውም በዚሁ በአሜሪካው ሕግ ምክንያት ነው፤ ግማሽ ኢንቿ መጠባበቂያ ናት። እዚህ ጽሑፍ ላይ «አጭር» ስንል ከ18 እስከ 20 ኢንች ያለውን፣ ከፋብሪካ እንዲሁ ሆኖ የወጣውን ማለታችን ነው። ረጅሙን አስቆርጦ ማሳጠር በብዙ አገር ወንጀል ነው። ወንጀል ባይሆንም እንኳ የፊት አላሚውንና አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለውን ጥበት (ቾክ) አብሮ ያስጥላል፤ ለጥቂት ሴንቲሜትር ሲባል የተበላሸ መሣሪያ መያዝ ነው።

አጭርነቱ የሚሰጠውና የሚወስደው

ብዙ ሰው አፈሙዙ ሲያጥር ኃይሉ በጣም የሚቀንስ፣ ፍሬውም እንደ መጥረጊያ የሚበተን ይመስለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሾትጋን ባሩድ ፈጣን ስለሆነ አብዛኛው ግፊት የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ነው፤ ፍሬው 45 ሴንቲሜትር ከመጓዙ በፊት ባሩዱ ሥራውን ከሞላ ጎደል ጨርሷል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ አንድ ኢንች አፈሙዝ በፍጥነቱ ላይ ያለው ለውጥ በሰከንድ 2 ወይም 3 ሜትር ገደማ ነው። ከ28 ኢንች ወደ 18.5 ኢንች ሲወረድ፣ በሰከንድ 400 ሜትር የሚሄድ ፍሬ በሰከንድ ከ20 እስከ 25 ሜትር ያህል ፍጥነት ያጣል። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ እንስሳ ልዩነቱን አያውቀውም።

የፍሬውን መበተን የሚወስነው ቾኩ፣ ማለትም አፈሙዙ ጫፉ ላይ ምን ያህል እንደሚጠብ ነው። አጫጭሮቹ ሾትጋኖች አብዛኞቹ ጫፋቸው ምንም ጥበት የለውም፤ የሚበትኑትም በዚህ የተነሣ ነው። ባልጠበበ አፈሙዝ ለግምት የሚሆነው ልማድ በእያንዳንዱ ሜትር 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ነው፤ በ10 ሜትር ላይ ፍሬው አንድ ትልቅ ሰሃን ያህል ቦታ ይሸፍናል። ይህ ግምት ብቻ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ጥይቶች ፍሬውን ይዞ የሚወጣው የፕላስቲክ ኩባያ ቶሎ እንዳይለቀው ተደርገው ስለተሠሩ ከዚያ በግማሽ የጠበበ ክብ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ወጥሮ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሜትር በሚያዘው ጥይት ራሱ መተኮስና ፍሬዎቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ጥይቱ ሲቀየር ወረቀቱም እንደገና ይወጠራል።

አጭርነቱ በእርግጥ የሚወስደው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ድምፁና ብልጭታው ወደ ተኳሹ ፊት ይቀርባል። 12 ጌጅ ያለ ጆሮ መሸፈኛ ሲተኮስ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችለው ድንገተኛ ድምፅ የሚጀምረው ደግሞ 140 ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፊቱ ስለሚቀል የሚበር ወፍ ሲከተሉበት አፈሙዙ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ለበራሪ ወፍ ረጅሙ የተሻለ ነው የሚባለው በኃይሉ ሳይሆን በዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛ፣ በፊትና በኋላ አላሚ መካከል ያለው ርቀት ስለሚያጥር የማነጣጠር ስህተት ይበዛል። ይህ ለፍሬ ብዙም አይደለም፤ ለነጠላ ጥይት ግን ዋናው ጉዳይ ነው።

በምላሹ የሚገኘው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ድንኳን በር ላይና መኪና ውስጥ እንደልብ መዞር ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ እጅ የሚይዘው ጠቅላላውን ርዝመት ነው። ፓምፕ ሾትጋን (የፊት እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሳብ የሚያጎርሰው) ከአፈሙዙ ኋላ ረጅም የብረት አካል ስላለው፣ አፈሙዙ 18.5 ኢንች ሆኖም መሣሪያው ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ተሰብሮ የሚከፈት ነጠላ ጎራሽ ወይም ባለ ሁለት አፈሙዝ ይህ አካል የለውም፤ ስለዚህ በተመሳሳይ አፈሙዝ ከ7 እስከ 12 ሴንቲሜትር ያህል ያጥራል። ባለ 20 ኢንቹ ባለ ሁለት አፈሙዝ ከባለ 18.5 ኢንቹ ፓምፕ አጥሮ ሲገኝ ብዙ ገዢ ይገርመዋል።

ጌጅና ጥይት

ጌጅ ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ የአፈሙዙን ቀዳዳ የሚሞሉ ስንት ድቡልቡሎች ይወጣሉ ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው የሚጠበው። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊሜትር፣ 20 ጌጅ 15.6 ሚሊሜትር ነው። 410 ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነው፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ራሱ ነው፤ 0.410 ኢንች ወይም 10.4 ሚሊሜትር።

ለአብዛኛው ሰው ምርጫው በ12 እና በ20 መካከል ነው። ትልቅ አውሬ ባለበት ጫካ 12 ጌጅ ይመረጣል፤ ነጠላው ጥይት፣ ስለግ የሚባለው፣ በተለመደው መጠን 28 ግራም ይመዝናል። የ20 ጌጁ ከ18 እስከ 21 ግራም ነው። እንደ ድብ ያለ አውሬ ለሌለበት ቦታ፣ ሰውነቱ ቀለል ላለ ሰው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚጓዝ 20 ጌጅ ይበቃል፤ በደንብ የተለማመዱት 20 ጌጅ ከሚፈሩት 12 ጌጅ ይሻላል። 410 ስለጉ 6 ግራም ብቻ ስለሆነ ለጥንቸልና ለእባብ ካልሆነ በቀር አይታሰብም።

ርግጫው እንዴት እንደሚያድግ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ጥይቱ ሳይለወጥ የመሣሪያው ክብደት ብቻ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። ባለ 28 ግራም ስለግ 3.2 ኪሎ ከሚመዝን ፓምፕ ወደ 2.5 ኪሎ ነጠላ ጎራሽ ሲዛወር፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በ28 በመቶ ገደማ ያድጋል። ቀላልና አጭር መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሲይዙት ደስ ይላል፤ አምስት ስለግ ከተኮሱበት በኋላ ግን የሚለማመድበት ሰው ይጠፋል።

ፍሬን በተመለከተ፦ ለትናንሽ እንስሳት 6 ቁጥር ጥሩ መካከለኛ ነው። በ28 ግራም ውስጥ 225 ያህል ፍሬ፣ እያንዳንዱ 2.8 ሚሊሜትር። ባክሾት የሚባለው ትልቁ ፍሬ፣ ባለ ሁለት ዜሮው፣ በ12 ጌጅ ተራ ጥይት ውስጥ ብዙውን ጊዜ 9 ነው፤ እያንዳንዱ 8.4 ሚሊሜትርና 3.5 ግራም። ሰዎች ለአውሬ መከላከያ ይህን ይመርጣሉ፤ የፍሬው ብዛት ልብ ይሞላልና። ነገር ግን 3.5 ግራም የሆነ ድቡልቡል እርሳስ ወፍራም ቆዳ፣ ስብና የትከሻ አጥንት አልፎ ጥልቅ አይገባም። ለድብና ለጎሽ መጠን ስለግ ነው፤ ያውም ጫፉ ቶሎ የማይደፈጠጠው ጠንካራው ዓይነት። በመስመር የተቦረቦረው የተለመደ ስለግ ውስጡ መስመር (ጥይት የሚያሽከረክር ጠመዝማዛ ጎድጎድ) ለሌለው ለስላሳ አፈሙዝ የተሠራ ነው። የፕላስቲክ ሽፋን ለብሶ የሚወጣው ሳቦት ደግሞ መስመር ላለው አፈሙዝ ነው፤ ከለስላሳ አፈሙዝ ሲተኮስ ሳይሽከረከር እየተገለባበጠ ይሄዳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ውዱን መግዛት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

የጥይት ርዝመት ነገር ሊገድል ስለሚችል ቆም ብለን እንየው። አፈሙዙ ላይ 70 ሚሊሜትር (2¾ ኢንች)፣ 76 ሚሊሜትር (3 ኢንች) ወይም 89 ሚሊሜትር (3½ ኢንች) ተብሎ የተቀረጸው የማጉረሻው ርዝመት ነው። ጥይቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው ግን ተተኩሶ አፉ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ያልተተኮሰ ባለ 76 ሚሊሜትር ጥይት ባለ 70 ሚሊሜትር ማጉረሻ ውስጥ ምንም ሳያስቸግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፉ የሚከፈትበት ቦታ ስለሌለው መውጫውን ያጠባል፣ ግፊቱም ይንራል። አጭር ጥይት በረጅም ማጉረሻ ይተኮሳል፤ ረጅም በአጭር አይተኮስም።

ሁለት ጌጅ ባለበት ካምፕ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስህተት አለ። 20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ማጉረሻ ውስጥ ሲገባ ተንሸራቶ ወደ ፊት ይሄድና አፈሙዙ ውስጥ ይሰካል። ከኋላ ሲያዩት ባዶ ነው። ተኳሹ «አላጎረስኩም» ብሎ 12 ጌጅ ጨምሮ ቢተኩስ አፈሙዙ ግራ እጁ አጠገብ ይፈነዳል። 20 ጌጅ ጥይት በልማድ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሆኖም በቀለሙ አይታመኑ፣ ሁለቱን ጌጅ በአንድ ቦርሳ አያድርጓቸው።

አሠራሩ፦ ፓምፕ፣ ተሰባሪ ወይስ በራሱ የሚያጎርስ

ፓምፕ ለጫካ የተለመደው ምርጫ ነው፤ ደካማም ሆነ ጠንካራ፣ የደረቀም ሆነ የቆሸሸ ጥይት ሳይመርጥ በክንድ ጉልበት ይሠራል። ሬሚንግተን 870 ከ1950፣ ሞስበርግ 500 ከ1961 ጀምሮ የሚታወቁ ሞዴሎች ስለሆኑ መለዋወጫቸው በቀላሉ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ለተጠቃሚው የሚሰማው ልዩነት የመጠበቂያው ቦታ ነው። በሞስበርግ መጠበቂያው ከላይ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ስለሆነ ለግራኝም ለቀኝም እኩል ነው። በሬሚንግተን ከምላጩ ኋላ ተሻጋሪ ቁልፍ ነው። የ500ው አካል አሉሚኒየም፣ የ870ው ብረት ነው፤ አሉሚኒየሙ አይዝግም፣ አፈሙዙ ግን በሁለቱም ያው ብረት ነው።

ፓምፕ የሚበላሸው በአብዛኛው በሰውየው ነው። ተደናግጦ የፊት እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳይስብ መልሶ ይገፋዋል፤ አሮጌው ቀለህ አይወጣም ወይም አዲሱ ጥይት አይነሣም፣ መሣሪያው ይቀረቀራል። መድኃኒቱ ከባሩድ ነፃ በሆነ የልምምድ ጥይት እጅ እስኪለምድ መደጋገም ነው፤ እጀታው ኋላ ሲመታ ድምፁ መሰማት አለበት። በደረት ተኝቶ ፓምፕ ማድረግም የሚመስለውን ያህል አይቀልም፣ ሞክረው ይዩት።

ተሰብሮ የሚከፈተው ባለ ሁለት አፈሙዝ ሁለት ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ሆኖም ሁለት ምላጭ ያለው ከሆነ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች በአንድ ሰደፍ ላይ ማለት ነው። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይተኩሳል። በአንዱ 6 ቁጥር ፍሬ፣ በሌላው ስለግ አድርጎ በምላጭ መምረጥ የሚቻለውም በዚህ ብቻ ነው። ባዶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፤ ብዙ ሰው ላለበት ካምፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ሁለቱ አፈሙዞች ስለጉን የግድ አንድ ቦታ አለማሳረፋቸው ነው፤ በ25 ሜትር ወረቀት ላይ ለየብቻ ይፈተሹ።

በራሱ የሚያጎርሰው ርግጫው ይለዝባል፣ ነገር ግን በጥይት ይመርጣል። በጋዝ የሚሠራው ጥላሸት ይጠራቀምበታል። በርግጫው የሚሠራው ደግሞ መብራትና የጥይት ማቀፊያ ሲጨመርበት ከብዶ በደካማ ጥይት አልዞር ይላል። ጥቂት ጽዳት ለማይጠላ ሰው ጥሩ ነው፤ ለሳምንታት ለማይታይ መሣሪያ አይመረጥም።

ሰደፍ፣ ማነጣጠሪያና የተለጠፉ ነገሮች

ያለ ሰደፍ፣ በእጀታ ብቻ የሚሸጡትን ይተዉ። ትከሻ ላይ የማያርፍ መሣሪያ በስለግ አንጓን ይጎዳል፤ በ10 ሜትር ላይ ያለ ባልዲ እንኳ ያስታል። የርዝመት ችግር ካለ ሰደፉን በ2 ወይም በ3 ሴንቲሜትር የሚያጥር መምረጥ ይሻላል፤ ወፍራም ልብስ ለለበሰ ሰው እንዲያውም ይስማማዋል። ላስቲክ የኋላ ጫፍ ይኑረው። የፕላስቲክ ሰደፍ ውኃ አያብጠውም፣ የእንጨቱ ደግሞ ያምራል፤ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ማነጣጠሪያ ላይ ግን መቆጠብ አይገባም። ጫፉ ላይ ባለችው አንዲት የነሐስ ማነጣጠሪያ ነጥብ ብቻ ስለግ ከ25 ወይም 30 ሜትር በላይ አስተማማኝ አይደለም፤ ጉንጭ ትንሽ ከፍ ሲል ጥይቱም ከፍ ይላል። የኋላና የፊት አላሚ ያለው፣ በተለይ ኋላው ቀለበት የሆነው፣ ያንኑ መሣሪያ እስከ 75 ሜትር ያደርሰዋል።

ጥይት መሸከሚያ የሚለጠፈው በብዛት በመሣሪያው ጎን ላይ ነው። የ12 ጌጅ አንድ ጥይት ከ40 እስከ 50 ግራም ስለሚመዝን፣ ስድስት ጥይት ከማቀፊያው ጋር ከ300 ግራም ያልፋል። ማቀፊያው የሚታሰረው የምላጩን ክፍል በያዙት ብሎኖች ነው፤ ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ የመሣሪያው አካል ይጨመቅና ፓምፑ ይከብዳል። «አዲሱ መሣሪያዬ ይይዛል» ከሚል ቅሬታ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ይኸው ብሎን ነው። ሰደፍ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ማቀፊያ ርካሽና ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ማንገቻ የግድ ነው፤ ሰፊና የማይንሸራተት።

ከቻሉ ሁለት አፈሙዝ ያለውን ጥቅል ይግዙ፦ አንድ 18.5 ኢንች፣ አንድ ጫፉ የሚቀያየር ቾክ ያለው 26 ወይም 28 ኢንች። በአብዛኛው ፓምፕ ጥይቱን አውጥቶ፣ ፓምፑን ግማሽ ድረስ ስቦ፣ የካዝናውን ክዳን ፈትቶ አፈሙዙን ወደ ፊት መሳብ ብቻ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የቱቦ ካዝናው ርዝመት ከሁለቱም ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ፤ ባለ ረጅም ካዝናው የአጭር ካዝናውን አፈሙዝ አይቀበልም።

ካምፕ ውስጥ

የአብዛኞቹ ሾትጋኖች መጠበቂያ ምላጩን ብቻ ነው የሚያግደው፤ መምቻውን አይይዝም። ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በሰደፉ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ በጉዞና በካምፕ ማጉረሻው ባዶ፣ ካዝናው ሙሉ ሆኖ ይያዛል፤ መኪና ውስጥ ካዝናውም ባዶ ነው፤ ብዙ ቦታ ሕጉም ይህንኑ ያዛል። አዲስ ፓምፕ ካዝናው ሁለት ጥይት ብቻ ከተቀበለ አልተበላሸም፤ ለወፍ አደን ሕግ ሲባል የገባ በትር ውስጡ አለ።

ከወደቀ ወይም ጭቃ ከነካው በኋላ መሣሪያው ባዶ ተደርጎ አፈሙዙ በብርሃን ይታያል። የሾትጋን አፈሙዝ ግድግዳው ስስ ነው፤ ጫፉ ላይ የተወተፈ ጭቃ ወይም በረዶ ለማፈንዳት ይበቃል። በቅዝቃዜ ወፍራም ዘይት እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ተጠርጎ ስስ ሽፋን ብቻ ይቀር። ከብርድ ወደ ሞቀ ድንኳን የገባ ብረት ላብ ያወጣል፣ ላቡም በነጋታው ይበርድና መምቻውን ይይዛል፤ ደረቅና ተቆልፎ የሚቀመጥበት ቦታ ካለ ብርዱ ውስጥ ቢያድር ይመረጣል። ባሕር ዳር ለሚውል ደግሞ ኒኬል የተለበጠው ዓይነት ዋጋውን ያወጣል።

ድብ ባለበት አገር ሾትጋኑ ብቻውን አይያዝ። ቶም ስሚዝ እና ስቴፈን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ያወጡት የአላስካ ጥናት፣ የበርበሬ ርጭት የቡናማ ድቦችን ያልተፈለገ ድርጊት 92 በመቶ በሚሆነው ጊዜ እንዳስቆመ አሳይቷል። ርጭቱ በአንድ እጅ ይወጣል፣ ማነጣጠርም እንደ ስለጉ አያስጨንቅም።

ያገለገለ ሲገዛ

መጀመሪያ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያ አፈሙዙ ወጥቶ ወደ ብርሃን ይታያል፤ እንደ ቀለበት ያለ ጥላ ካለ ያበጠ ነው፣ ይመለሳል። ማጉረሻው ላይ ያለ ዝገት ከአፈሙዙ ዝገት ይከፋል፤ የተተኮሰ ቀለህ ተጣብቆበት ቀለሁን የሚስበው መንጠቆ ከንፈሩን ቀድዶት ይመጣል። የፊት እጀታው ትንሽ ቢንቀሳቀስ ነውር የለውም፣ ፓምፕ እንዲህ ነው። በመጨረሻ አምስት የልምምድ ጥይት በካዝናው ይሞላና አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ይዞራል። በዝግታ የሚጥል፣ በፍጥነት የሚይዝ ከሆነ ከቀለህ ጣዩና ከጥይት ማንሻው ይጀምሩ። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልፈቀደ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም።